ሚስተር መባል የተነፈጋቸው

«እንግሊዝኛ አክብሮት አያውቅም» የሚለው አቤቱታ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ከሮክቪል እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ይሰማል። ልጁ አባቱንም የክፍል ጓደኛውንም በአንድ «ዩ» ይጠራል፤ አማርኛ ሲሞክርም ያንኑ ልማድ ይዞ ይመጣና አያቱን «አንተ» ይላል። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም። አንቱታ ከልጆቻችን አፍ ሲጠፋ፣ ከሽማግሌ ፊት ረጋ ብሎ መናገርም አብሮት እንደሚጠፋ አምናለሁ። ፍርዱ ግን በቋንቋው ላይ ግፍ ነው። እንግሊዝኛ ቀድሞ አንተና አንቱ ነበረው፤ «ዛው» ለቅርብ ሰውና ለታናሽ፣ «ዩ» ደግሞ ለብዙዎችና ለተከበረ ሰው ይባል ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ክዌከር የተባሉት አማኞች በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ባለሥልጣኑንም «ዛው» በማለታቸው ዱላ ቀምሰዋል። ከዘመን በኋላ ቋንቋው አንደኛውን ሲጥል የጣለው ግን «አንተ»ን ነው። ልጁ አባቱን «ዩ» ሲል፣ ሳያውቀው፣ በጥንቱ አንቱታ እየጠራው ነው።

ያን ጊዜ የአክብሮቱ ሸክም ከስም በፊት በሚገባው መጠሪያ ላይ ዐረፈ፤ ሚስተር፣ ሚስስ፣ ሚስ። ሚስተር የወጣው ጌታ ማለት ከሆነው ማስተር ነው። አቶም «አቤቶ» ከሚለው የመሳፍንት መጠሪያ እንደ ወረደ፣ ወይዘሮም በዘር ለከበሩ ሴቶች ብቻ ይባል እንደ ነበር ለሚያውቅ መንገዱ እንግዳ አይሆንበትም። በአሜሪካ ግን ቃሉ ወደ ታች ሲወርድ ከቆዳ ቀለም ደርሶ ቆመ። በደቡቡ ክፍል ነጭ ሰው ጥቁሩን ሚስተር ማለት ነውር ነበር፤ ወጣቱን በስሙ ወይም «ልጅ» ብሎ፣ ያረጀውን «አጎት»፣ አሮጊቷን «አክስት» ብሎ ይጠራ ነበር።

የዚህ ታሪክ አንዱ ምስክር ከሮክቪል አጠገብ፣ በኖርዝ ቤተስዳ ኦልድ ጆርጅታውን መንገድ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1789 በሜሪላንድ የተወለደው ጆሳያህ ሄንሰን በዚያ በነበረው የአይዛክ ራይሊ እርሻ በባርነት ኖሯል፤ በ1830 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ካናዳ ገባ፣ በ1849 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ደራሲዋ ሃሪየት ቢቸር ስቶው በልብ ወለዷ «አጎት ቶም» የተባለውን ሰው ስትጽፍ ከተነሣችባቸው ታሪኮች አንዱ የእሱ ነው። ቦታው ለብዙ ዘመን በሰው ዘንድ የሚታወቀው በልብ ወለዱ ሰው ስም ነበር፤ ዛሬ ሙዚየሙ የሚጠራው በራሱ በጆሳያህ ሄንሰን ስም ነው። አንባቢ «አጎት መባል ምን ያስከፋል? እኛ ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ እያልን አይደል የምናከብረው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኛ ጋሼ ግን ሰውየውን ከአቶነት አያወርደውም፤ ሰፈር ውስጥ ጋሼ የሚባለው ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ አቶ ነው። ለጥቁሩ «አጎት» የተሰጠው ሚስተር እንዳይባል፣ በዚያው ቃል ምትክ ነበር።

ፍርድ ቤት ካልን የሜሪ ሃሚልተንን ጉዳይ ማንሳት ግድ ነው። ኮር የተባለው የመብት ድርጅት ታጋይ የነበረችው ሃሚልተን በ1963 በአላባማ ጋድስደን ከተማ ለምስክርነት ቀረበች። ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ብሎ ጠየቃት። ነጭ ምስክሮች በሚስተርና በሚስስ እየተጠሩ እሷ በስሟ ብቻ ስትጠራ ሚስ ሃሚልተን ካልተባልኩ አልመልስም አለች። ዳኛው ችሎት ደፍረሻል ብለው 5 ቀን እስራትና 50 ዶላር ቅጣት ፈረዱባት፤ የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 1964 ፍርዱን ሻረላት። «መጠሪያ እንጀራ አይሆንም፤ ቁም ነገሩ ደመወዝና ሕግ ነው» የሚል ካለ፣ እዚሁ ሮክቪል ዊልያም ጊብስ የተባለ ጥቁር መምህር በ1936 ከነጭ መምህራን እኩል ይከፈለኝ ብሎ፣ ቴርጉድ ማርሻል ጠበቃው ሆኖ፣ መክሰሱን አልዘነጋም። በቀጣዩ ዓመት የትምህርት ቦርዱ ደመወዙን ለማስተካከል ተስማማ። ነገር ግን አንድን መምህር አሳንሶ ለመክፈል መጀመሪያ አሳንሶ ማየት ያስፈልጋል፤ አጠራሩም ክፍያውም ከዚያው ንቀት የተቀዱ ናቸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተከፈለበትን ቃል እኛ በቀላሉ እንጥለዋለን። ግርማ በቀለ የተባለውን ወላጅ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ «ሚስተር በቀለ» ይለዋል፤ አባቱን መጥራቱ ነው። ሰውየው ማስረዳቱ ሲደክመው «ግርማ በሉኝ» ይላል፣ መጠሪያውም እዚያው ቀረ። ሚስተር ግርማ ማለት ግን ለኛ ስም ከአቶ ግርማ እኩል የሚስማማ ነው፤ የፈረንጁን ሥርዓት ያፈርሳል እንዳይባልም በየመዋያው ሕፃናቱ የኛን ሴቶች ሚስ ሠናይት፣ ሚስ አልማዝ እያሉ ሲጠሩ ማንም አልደነገጠም።

ልጆቻችን አንቱታን ይማሩ ስል ግን እኛም ለማን እንደነፈግነው መጠየቅ አለብን። በየቤታችን እመቤቲቱን እርስዎ እያለች የምታገለግል፣ በዕድሜ እናት የምትሆን ሠራተኛ ከቤቱ ትንሽ ልጅ ጭምር «አንቺ» ስትባል ኖራለች። ዛሬም ክረምት ላይ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ የገባ ቤተሰብ በር የሚከፍቱትን ሽበታም ዘበኛ «አንተ» ሲላቸው ይሰማል። ለአያቱ አንቱ እንዲል ስናስተምረው የከረምነው ልጅም አጠገባችን ቆሞ ይሰማል።