ከአዳማ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ነው፤ ለታማሚዋ ግን ወራት

አዳማ የሚኖር ሰው አዲስ አበባን ሩቅ አይላትም። ፈጣኑ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ጠዋት ወጥቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ማታ ቤቱ የሚገባው ብዙ ነው። የጡት ካንሰር ለያዛት እናት ግን ይህ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሰዓት አይለካም።

እስቲ መንገዱን አብረን እንሂደው። አንዲት የመቂ ሴት ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች እንበል። አያማትም፤ ስለዚህ ትተወዋለች። ሲብስባት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት ሆስፒታል። ናሙና ይወሰዳል። ናሙናውን የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ ግን በየከተማው የለም፤ ውጤት መጠበቅ ነው። ጨረር ካስፈለጋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት ነው። ይህ ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። ጅማን የመሳሰሉ ከተሞች ቢጀምሩም ለመቂዋ ሴት ቅርቡ አሁንም አዲስ አበባ ነው። እዚያ ማን ቤት ታድራለች? ልጆቿንስ ማን ያያል?

የምትኖርበት ቦታ ዕድሜዋን ይወስናል ስንል ማጋነን አይደለም። በምዕራብ ወለጋ አይራ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። በሀብታም አገሮች ከአምስት ዓመት በኋላ እንኳ ከመቶ 90 ያህሉ በሕይወት አሉ። በሽታው ያው ነው፤ ልዩነቱ ታማሚዋ መቼ ሐኪም ጋ እንደደረሰችና ሕክምናውን መጨረስ መቻሏ ላይ ነው።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሮዝ ሪባን አድርገን "ቶሎ ተመርመሩ" እንላለን። ጥሩ ነው። ግን ቶሎ የመጣችውን ሴት ቶሎ የሚመልስላት ከሌለ ምን ዋጋ አለው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ማዕቀፍ፣ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ማለቅ አለበት ይላል። የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችንም መለኪያቸው ይህ ይሁን።

የጨረር ማሽን ውድ ነው፤ በየከተማው ይተከል አንልም። ናሙና ማንበብና ኬሞቴራፒ መስጠት ግን አዳማ ላይ ተጠናክሮ ለሞጆ፣ ለመቂ፣ ለባቱና ለመተሐራ ሊደርስ ይገባል። ታሞክሲፈን ደግሞ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ነው፤ ለሚስማማቸው ሴቶች ቢያንስ አምስት ዓመት ይወሰዳል። ለአንድ እንክብል አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ የለባቸውም፤ በከተማቸው ሆስፒታል ፋርማሲ ሳይቋረጥ ይገኝላቸው።

እናንተ ስልክ የያዛችሁ ልጆችም ድርሻ አላችሁ። ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ወይም ለአክስታችሁ ደውሉና "ጡትሽ ላይ እብጠት አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ማፈሩ ለአንድ ደቂቃ ነው። አለ ካሉ ይዛችሁ ሂዱ። ካርድ የወጣበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ፎቶ አንሱ፣ 60ኛው ቀን ላይ አላርም ሙሉ። አላርሙ ሲጮህ ውጤት ካልመጣ "ለምን?" ማለት መብታችሁ ነው። የጤና ኃላፊዎቻችንም ያንኑ ቀን ይቁጠሩ።