ማርሹ ጥርሱን ሲያፋጭ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት መኪና በተጨዋወትን ቁጥር ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «መኪናችን ማርሽ ሲገባ ትጮኻለች፤ ካምቢዮው አለቀ ማለት ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ተጨንቆ ነው የሚመጣው። ጋራዥ ሄዶ «ካምቢዮው ይውረድ» ተብሏል። ቤት ውስጥ ደግሞ «ማን አበላሸው?» የሚል ክርክር ተነሥቷል፤ ጣት የሚቀሰረውም በቅርቡ መንጃ ፈቃድ ባወጣው ልጅ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት አሮጌዋ መኪና ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ አያት ሐኪም ቤት ታመላልሳለች፣ በበዓል ዋዜማ በግ ትጭናለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ ገንዘብም ሳናወጣ፣ ልጅም ሳንወቅስ በፊት ቤታችን ደጃፍ ላይ ልናደርገው የምንችለውን ምርመራ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ካምቢዮ ውስጥ አንዱ ወገን ከሞተሩ ጋር፣ ሌላው ወገን ከጎማዎቹ ጋር ይዞራል። ማርሽ ማስገባት ማለት እነዚህን ሁለቱን ማቆላለፍ ነው። ፍጥነታቸው ካልተቀራረበ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል። እንዳይፋጭ የሚከላከሉልን ሁለት ናቸው። አንደኛው ፍሪሲዮን ነው፤ ስንረግጠው ሞተሩን ከካምቢዮው ይለያል። ሁለተኛው ሲንክሮናይዘር የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከነሐስ የሚሠራ ቀለበት ነው። የዚህን ቀለበት ሥራ ለመረዳት የታክሲ ወያላን ማሰብ ይበቃል። ወያላው የሚንቀሳቀስ ታክሲ ላይ ቆሞ ዘሎ አይወጣም። ጥቂት አብሮ ሮጦ ፍጥነቱን ካስተካከለ በኋላ ነው የሚንጠለጠለው። ቀለበቱም ማርሹ ከመቆለፉ በፊት ሁለቱን ወገኖች እኩል ያስሮጣቸዋል። ካዲላክ በ1928 እ.ኤ.አ. ይህን መሣሪያ በመኪኖቹ ላይ እስካወጣ ድረስ ፍጥነት ማስተካከል የሾፌሩ የራሱ ሥራ ነበር። በድሮ የጭነት መኪና ላይ የሠራችሁ አያቶች ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥን የተማራችሁት ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ማርሽ ሲፋጭ ወይ ፍሪሲዮኑ በደንብ አልለየም፣ ወይ ቀለበቱ አልቋል፣ ወይ ዘይቱ ጎድሏል አለዚያም ትክክለኛው አይደለም። የሦስቱ ዋጋ በጣም ይለያያል። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄም «ማን ነካው?» ሳይሆን «መቼ ነው የሚጮኸው?» የሚለው ነው።

ምርመራውን ሜዳ ላይ አድርጉት። ከመኪናዋ ፊትና ኋላ ሰው፣ በተለይም ሕፃን እንዳይቆም። የእጅ ፍሬን ይያዝ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሾቹን ሁሉ አንድ በአንድ አስገቡ። ያለ ችግር ከገቡ ሞተሩን አስነሥታችሁ ድገሙት። ሞተሩ ጠፍቶ የሚገባው ማርሽ ሞተሩ ሲነሣ እምቢ ካለ ወይም ከጮኸ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፍሪሲዮኑ ነው።

ቀጥሎ የኋላ ማርሽን ፈትኑ። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የለውም። ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ወዲያው ብታስገቡት ሊጮኽ ይችላል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ረግጣችሁ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ቆዩ፤ ወይም መጀመሪያ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ከታችሁ አውጡና ከዚያ የኋላውን አስገቡ። ዝም ካለ ጤነኛ ነው። ቆይታችሁም ከጮኸ ግን ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ማለት ነው።

ሦስተኛው ፈተና ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ መርገጥ መልቀቅ፣ መርገጥ መልቀቅ ነው። ከዚያ በኋላ ማርሹ ሰተት ብሎ ከገባ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሪሲዮን ላይ አየር ገብቷል ወይም ፓምፑ ያፈስሳል። የፍሪሲዮን ዘይት ዕቃውን ክፈቱና እዩ። አንዳንድ መኪና ላይ ከፍሬኑ ጋር አንድ ዕቃ ይጋራል። የፍሪሲዮኑ ዘይት ለብቻው ከሆነ እየተበላ የሚያልቅ አይደለም፤ ጎድሎ ከተገኘ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ቮልስዋገንን የመሳሰሉ ፍሪሲዮናቸው በሽቦ ገመድ የሚሠራ መኪኖች ደግሞ ገመዱ ሲለጠጥ ያንኑ ምልክት ያሳያሉ፤ እነሱን ማስተካከል ይበቃ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ መኪናዋ ቆማ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ፣ እየሄደች ሳለ አንድ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው፣ ከጮኸ የዚያ ማርሽ ቀለበት ሳያልቅ አልቀረም። እንደ ድሮ ሾፌር ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ዜሮ ማርሽ አድርጉ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ረግጣችሁ አስገቡ። ወደ ታች የምትቀንሱ ከሆነ ዜሮ ላይ ሳላችሁ ቤንዚን ነካ አድርጉ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ከጠፋ ጥርጣሬው ይጠነክራል። «ካምቢዮው ይውረድ» የሚለው ቃል ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ባለፈው ክረምት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ዲኤክስ ኮሮላ አላቸው። የልጅ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ መንዳት ስትለማመድ ማርሹ ይጮኽ ጀመር። አስጠሩኝና «እስቲ አንተ ንገራት፤ እኔን አልሰማ ብላለች። ስንት ዓመት ስይዛት ያልጮኸች መኪና እሷ ስትነካት ጮኸች» አሉኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

እሷ እንድትሞክር አደረግሁ። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግተን፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ መርገጧን በዓይኔ አየሁ። የኋላ ማርሽ ጮኸ፤ ቆይታም ጮኸ። ከዚያ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይያዟት» አልኳቸው። ገብተው ተቀመጡ። ማርሹ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ገባ። «አየህ?» አሉኝ። እኔ ግን የማየው እግራቸውን ነበር። ረገጡ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ረገጡ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ አስገቡ።

«ጋሼ፣ ለምን ሁለቴ ረገጡ?»

«መቼ ረገጥኩ?»

እውነታቸውን ነው፤ አላስተዋሉትም። ፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ ስገልጠው እጄ በዘይት ረጠበ። የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒው አልቆ ወደ ውስጥ እያፈሰሰ ነበር። መኪናዋ ከታመመች ወራት ሳታስቆጥር አትቀርም። እሳቸው ግን ፈረስ ከባለቤቱ እንደሚግባባ ከበሽታዋ ጋር ተግባብተው፣ እግራቸው ሳይነግራቸው መድኃኒቱን እየሰጣት ኖሯል። ልጅቷ ማሽኑን አላበላሸችም፤ ብልሃቱን ስላላወቀች በሽታው እሷ ላይ ተናገረ። ፓምፑ ተቀየረ፣ አየሩ ወጣ፣ ካምቢዮው ካለበት አልተነቀነቀም። ጋሼ ብዙ አልተናገሩም። በማግሥቱ ጠዋት ግን «ነይ፣ ገበያ አድርሽኝ» ሲሏት ሰማሁ።

የለመደ ሾፌር በሽታ ይደብቃል። ስለዚህ ቤታችሁ አዲስ የሚነዳ ልጅ ማርሽ ባስጮኸ ቁጥር ከመቆጣታችሁ በፊት የራሳችሁን እግር ተመልከቱ። እርግጥ ጥፋቱ የአነዳድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቁመቱ አጠር ያለ ልጅ የአባቱን ወንበር ሳያስጠጋ ሲነዳ ፔዳሉ መጨረሻ አይደርስለትም። ወፍራም ወይም ተደራራቢ ምንጣፍም ፔዳሉን ያግዳል። መኪናዋ ፈጽማ ሳትቆም የኋላ ማርሽ ማስገባትም ያስጮኻል። እነዚህን ማስተካከል ምንም ወጪ የለውም፤ ከሁሉም አስቀድማችሁ እዩዋቸው።

ስለ ዘይት አንድ ቃል ልጨምር። ጠዋት ብቻ የሚከብድና ሲሞቅ የሚስተካከል ማርሽ ከሆነ የካምቢዮ ዘይቱን አስመርምሩ። የካምቢዮ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። ጂ.ኤል.-4 እና ጂ.ኤል.-5 የሚል ምልክት አለው፤ የመኪናዋ መመሪያ የሚለውን ብቻ ጨምሩ። ለዲፈረንሻል የሚሆነው ሁሉ ለካምቢዮ ቀለበት አይስማማም። ዘይቱ ሲቀዳ የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ ከወጣ ውስጡ እየተበላ ነውና አትዘግዩ።

ሁለት ምልክቶች ካያችሁ ግን መኪናዋን አሳርፉ። አንደኛው ማርሽ በራሱ ወደ ዜሮ ሲወጣ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናዋን መያዝ ያቆማል። ሁለተኛው ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ተረግጦም መኪናዋ ወደ ፊት ስትሳብ ነው፤ ይህች መኪና የእግረኛ መሻገሪያ ላይ አልቆም ልትል ትችላለች። ልጆች ጭናችሁ አትውጡባት። ሥሯ ገብታችሁ ልታዩ ብትፈልጉም በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር አትግቡ።

ጋራዥ ስትሄዱ «ካምቢዮው ተበላሽቷል» አትበሉ። «ሞተሩ ሲጠፋ ይገባል፣ ሲነሣ ይጮኻል፤ ደጋግሜ ስረግጥ ይተዋል» በሉ። ወይም «ሦስተኛው ብቻ፣ ስሄድ ብቻ» በሉ። ጥሩ መካኒክ ይህን ሲሰማ ግማሹን መንገድ ሄዶላችኋል። ካምቢዮ ለማውረድ የሚቸኩለው ደግሞ ቢያንስ ለምን እንደሆነ እንዲያስረዳችሁ ይገደዳል።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ፍሬን እንነጋገራለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።