ከመሰርሰሪያው በፊት ማስመሪያ

የኤሌክትሪክ ጊታራችን ድምፅ አልጥም ሲለን፣ ሰበቡን ቶሎ ብሪጁና ቴልፒሱ ላይ እንለጥፋለን። መቀየሩስ ነውር የለውም፤ ጊብሰን ራሱ ቀይሯል። በፈረንጆቹ 1952 የወጣው ሌስ ፖል ክሮቹ በብሪጁ ስር ስለሚያልፉ፣ በመዳፍ አፍኖ ለመምታት አይመችም ነበር። በ1953 ተለወጠ፤ በ1955 ደግሞ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ማስተካከል የሚያስችለው ቱን ኦ ማቲክ መጣለት።

እኛን የሚያሳስበን ጥድፊያው ነው። የአሜሪካው ቴልፒስ ብሎን 5/16 ኢንች ነው፤ የእስያው አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊሜትር። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ጥርሳቸው ግን አይገጥምም። ይሄኔ መሰርሰሪያ የሚያነሳ አይጠፋም። ብረቱ ይመለሳል፤ የተበሳ እንጨት ግን አይመለስም።

ስለዚህ ጎበዝ፣ መጀመሪያ ክሩን እንቀይር፣ ከዚያ እንለካ፣ አሮጌውንም አንጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!