ክኒኑና ዱዓው መቼ ተጣሉ?

የዛሬውን ጽሑፍ ስለ ስኳር በሽታ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ነገሩ ግን ወደ ኢማን ወሰደኝ።

ባለፈው ረመዷን ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጃቸው ጋር ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። አፋቸው ደርቋል፤ ዓይናቸው ብዥ ይልባቸዋል። ስኳራቸውን ስለካው ከ400 በላይ ሆነ። «ልጄ፣ ክኒኑን ከተውኩት ሦስት ሳምንቴ ነው። ጥቁር አዝሙድና ዱዓ ይበቃሻል ብለውኝ ነው» አሉኝ። ልጁ ቱግ አለ። «ሃይማኖት ማለት ይሄው ነው! እኔ ከሳይንስ በቀር የማምነው የለም፤ ፈጣሪ የሚባልም የለም!» እናቲቱ በስኳሩ ያላለቀሱትን በዚህ ቃል አለቀሱ። እኔም ቂርዓት ቤት የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ጾማቸውን አፍርሰው አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ከመንገር በቀር ምንም አላልኩም።

ማታ ተራዊሕ ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው ይህንኑ ነበር፤ አላህ ይማረኝ።

መጀመሪያ ክኒኑን ላስተዋቸው ሰው ልናገር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቁር አዝሙድን ማወደሳቸው ሰሒሕ ሐዲስ ነው፤ እኔም ከቤቴ አላጣውም። ነገር ግን «እንታከም ወይ?» ብለው የጠየቋቸውን ሰዎች «ታከሙ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ለምን ግማሹን ብቻ ይዘን እንሄዳለን? ጥቁር አዝሙድ ስኳርን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ የታዘዘን መድኃኒት ግን አይተካም። እንዲያውም ግሊቤንክላማይድ ከሚባለው ክኒን ጋር ሲደረብ ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርድ ስለሚችል ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትውሰዱት። ሜትፎርሚን ደግሞ መነሻው ጋሌጋ የምትባል፣ አውሮፓውያን ለመድኃኒት ይጠቀሙባት የነበረች ተክል ናት። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ሜትፎርሚንን ለስኳር ሕሙማን መስጠቱን የጻፈው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ሁለቱንም ያበቀለው ማን ሆነና ነው የምናጣላቸው?

ወደ ልጁ ልመለስ። ሜትፎርሚን ጉበት ከሚገባው በላይ ስኳር እንዳይለቅ ያደርጋል፤ ይህንንም በሚሰግድም በማይሰግድም ሰው አካል ውስጥ እኩል ይሠራል። ልጁ ይህን የፈጣሪ አለመኖር ምልክት አድርጎ ያየው ይሆናል፤ እኔ ግን ሰበቡን ለሁሉም የዘረጋ ራህመት አድርጌ ነው የማየው። ሳይንስ ክኒኑ እንዴት እንደሚሠራ ይነግረናል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ከመነሻው ለምን ኖረ የሚለውን ግን በመለኪያ አይለካውም።

አባቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሆደ ሰፊ ነበሩ። በ925 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፈው አቡበክር አር-ራዚ ፈንጣጣን ከኩፍኝ ለይቶ የጻፈ ታላቅ ሐኪም ነው። ነብይነትን ይክዳል ተብሎ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል። የተቃወሙት በክርክርና በብዕር መለሱለት፤ ሙስሊም ሐኪሞች ግን የሕክምና መጽሐፎቹን ለዘመናት ተማሩባቸው። እኛ ደግሞ ጥያቄ ያነሳን የሃያ ዓመት ልጅ «ካፊር» ብለን ከቤት ለማስወጣት እንቸኩላለን። ይህ ልጅ የተጠራጠረው መጽሐፍ አንብቦ አይመስለኝም። በአላህ ስም በተነገረ የተሳሳተ ምክር እናቱ ስትታመም አይቶ ነው።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ ከረመዷን በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። በጾም ሰዓት ስኳራችሁ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ አፍርሱ፤ ቁርኣን ለታመመ ሰው ፈቅዷል።

እናቲቱ አልሐምዱሊላህ ተሽሏቸዋል። በየወሩ መድኃኒታቸውን የሚወስድላቸው ያ ልጅ ነው። ሲገባ «አሰላሙ አለይኩም» ይለኛል። ከልቡ ይሁን ከልማዱ አልጠየቅኩትም።