ጊዜያዊ ፋይል የት ይደር?

ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያስፈልጉ ፋይሎችን ይፈጥራል። ሊኑክስ እነዚህን «ቴምፕ» በተባለ ማውጫ ያኖራቸዋል። የማውጫው ማረፊያ ለብዙ ዘመን ዲስክ ነበር፤ ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 18ኛ እትሙ፣ ዴቢያንም በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ወደ ማህደረ ትውስታ፣ ማለትም ወደ ራም አዛውረውታል።

ምክንያቱ ፍጥነት ነው። የሐርድ ዲስክ ክንድ ተንቀሳቅሶ፣ ሳህኑም ተሽከርክሮ መረጃው እስኪገኝ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ራም ግን በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ይመልሳል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ይሁንና ሊኑክስ ወደ ዲስክ የሚጻፈውንም ለጊዜው በትርፍ ራም ስለሚያቆይ፣ በተግባር የሚገኘው ጥቅም ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ዋጋውስ? ራም እያንዳንዱን ቢት የሚይዘው በጥቃቅን ካፓሲተሮች በተከማቸ ቻርጅ ነው። ቻርጁ ስለሚሾልክ በየ64 ሚሊሰከንዱ ካልታደሰ ይጠፋል፤ መብራት ሲቋረጥም አብሮ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ፣ በተለመደው ገደብ ማውጫው የራሙን ግማሽ ሊይዝ ይችላል፤ ባለ 4 ጊጋባይት ኮምፒዩተር 2 ጊጋባይቱን ያጣል ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ለውጡ ሰፊ ራም ላለው ይበጃል፤ በየቤተ ሙከራችን ላሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ግን ዲስኩ ይሻላል። የመመረቂያ ጥናቱን ስሌት በ«ቴምፕ» የሚያስቀምጥ ተማሪን ግን ሁለቱም አያድኑትም፤ ዴቢያን ማውጫው ዲስክ ላይ ሳለም ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ያጸዳው ነበርና። መብራት በሚቆራረጥበት አገር የሚማር ሰው፣ ፋይሉን ከመጻፉ አስቀድሞ ማደሪያውን ይወቅ።