ሽጉጡን ሁሉም ይፈልጋል፣ ጥይቱን ማን ቆጠረው?

የዛሬው ወሬያችን ስለ ጥይት ነው። አትደንግጡ፣ ፖለቲካ አይደለም… (እሺ፣ ትንሽ ነው።)

እኛ የኮልፌ ልጆች ከማንም ጋር የማንካፈለው አንድ ጉራ አለን። ቦሌዎች ኤርፖርት አላቸው፣ ፒያሳዎች ኬክ ቤት አላቸው፣ እኛ ደግሞ ማንዴላ አሉን! በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ነው። ይህንን ለእንግዳ ያላወራ የኮልፌ ልጅ ካለ መታወቂያው ይታይልን።

ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ማንዴላ በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ለአፍሪካ ነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ አዲስ አበባ መጡ። ከዚያ አፍሪካን ዞሩ፣ ለንደንም ደረሱ፣ ለሥልጠና ደግሞ ወደኛ ተመለሱ። ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስ፣ ሞርታር፣ ፈንጂ፣ ትጥቅ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ… ሥልጠናው ለ6 ወር የታሰበ ነበር። ሁለት ወር እንኳን በቅጡ ሳይሞላ ድርጅታቸው በቴሌግራም ጠራቸው። ሲሰናበቱ እሳቸው ኮሎኔል ብለው የጠሯቸው፣ እኛ በጄኔራልነት የምናውቃቸው ታደሰ ብሩ ስጦታ ሰጧቸው፤ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት። (ስጦታ ሰጪውን ደርግ በመጋቢት 1967 ረሸናቸው። ስለ እሳቸው ሌላ ቀን በሰፊው መጻፍ አለብን፤ አንድ ቅንፍ አይበቃቸውም።)

ማንዴላ ሽጉጡን ይዘው አገራቸው ገቡ፤ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሪቮኒያ በሚባል ቦታ፣ ሊሊስሊፍ እርሻ ውስጥ ቀበሩት። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ተያዙ። ከዚያ 27 ዓመት እስር። ከእስር ከወጡ በኋላ ሽጉጡ ተፈለገ፣ መሬት ተቆፈረ፣ ፊልም ሳይቀር ተሠራበት። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እኛን የሚገርመን ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ሁሉ "የማንዴላ ሽጉጥ" ይላል። "የማንዴላ 200 ጥይት" የሚል ሰው ሰምታችኋል? ከስጦታው ከባዱ እኮ እሱ ነበር። አንዱ የማካሮቭ ጥይት 10 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሲባዛ 2 ኪሎ መሆኑ ነው። ማንዴላ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው እንደጻፉት፣ ሽጉጡን ኮታቸው ውስጥ ደብቀው፣ 200ውን ጥይት ሱሪያቸው ውስጥ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ካርቱም ላይ መጠጥ በሚጠጡ ነጮች የተሞላ የሆቴል በረንዳ አቋርጠው አልፈዋል። ፈታሽ ማሽን የሌለበት ዘመን! ሁለት ኪሎ ስኳር ወገባችሁ ላይ አስራችሁ ዘና ብላችሁ ለመራመድ ሞክሩ እስቲ።

ለምን 200? ታደሰ ብሩ ወታደር ነበሩ፤ ያለ ጥይት የሚሰጥ ሽጉጥ መዶሻ እንደሆነ ያውቃሉ። ስጦታው ማካሮቭ ነው ይባላል። ማካሮቭ የሶቪየት ሽጉጥ ነው፤ የሚጎርሰውም የራሱን ጥይት ብቻ ነው። ስሙ "9 ሚሊ" ቢሆንም በዓለም ላይ የተለመደው 9 ሚሊ አይገባለትም። በ1954 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሶቪየት ጥይት ከየትኛው ሱቅ ይገዛል? ስለዚህ የሽጉጡ ዕድሜ በሙሉ እዚያች ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። 200 ጊዜ ጮሆ ዝም የሚል ብረት።

ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ብረቱ 100 ዓመት ይኖራል። ጥይቱ ያልቃል። የሚያልቀውን የተቆጣጠረ ሰው የማያልቀውንም ተቆጣጠረ ማለት ነው። እኛ ግን እንደ አገር የምንቆጥረው ብረቱን ነው።

አያቶቻችን ይህ ገብቷቸው ነበር። ሰናድር የሚሉት የእንግሊዙን ስናይደር፣ ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩን "ፉዚ ግራ" ነው። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት ኖሯል፤ ከጠገራ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን። ጠመንጃው ሳይሆን ጥይቱ! እንደ ሳንቲም የተቆጠረ ጥይት ደግሞ ለጭብጨባ ወደ ሰማይ አይለቀቅም። የዛሬ ሠርግ ላይ ሽቅብ የሚተኩሰው ሰውዬ ይህንን ቢሰማ ጥሩ ነበር። (የተኮስከው ይመለሳል ወንድሜ፣ ሰማይ ላይ መደርደሪያ የለም።)

ከዚያ በፊት ደግሞ አረር እቤት ይሠራ ነበር። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ የነበረው ሰው እርሳስ አቅልጦ ክብ ክብ አድርጎ ያፈስሳል። ቀለህ የሚባል ነገር ከመጣ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ተወሳሰበ። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ የናሱ ቀለህ፣ ግርጌው ላይ ያለችው እሳት የምትጭር ቆብ፣ ባሩዱ፣ ከፊት ያለው አረር። ሲተኮስ ሦስቱ አበቃላቸው፤ ቀለሁ መሬት ላይ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ ይህንን ቀለህ ለቅሞ፣ እርሳስ አቅልጦ፣ እንደገና መሙላት በሕግ የተፈቀደ መዝናኛ ነው። ጡረታ የወጡ ሰዎች ጋራዣቸው ውስጥ ለትንንሽ የኪስ ሽጉጥ ሳይቀር ይሠሩታል፤ ለእነዚያ ሽጉጦች ፋብሪካው የሚያወጣው ጥይት ስለሚወደድባቸው።

ኮልፌ ውስጥ ይህንን የሚያደርግ አለ እያልን አይደለም። ያወራነው ለሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው እርሳሱ ራሱ ነው። አማርኛችን ተንኮለኛ ነው፤ የምንጽፍበትንም እርሳስ ይለዋል፣ መርዙንም እርሳስ ይለዋል። የምንጽፍበት ውስጥ እርሳስ የለም፣ ግራፋይት ነው። አረሩ ውስጥ ግን አለ። እርሳስ 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከሰል ላይ በቀላሉ የሚደረስበት ሙቀት ነው። ችግሩም ይኸው ቅለቱ ነው። ሴኔጋል ውስጥ፣ ዳካር ዳር ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር፣ ሰዎች ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ እያወጡ ይሸጡ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። ማንም አልተኮሰባቸውም። አቧራው ነው የገደላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት "ይህን ያህል እርሳስ ደም ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም" የሚባል መጠን የለም ይላል፤ ሕፃን ልጅ ከዋናው ሰው 4 እና 5 እጥፍ ወደ ሰውነቱ ይስባል። ግቢያችን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፦ አንድ ቧንቧ፣ አምስት ቤተሰብ፣ አሥር ሕፃን። አንዱ ጎረቤት እርሳስ ቢያቀልጥ፣ ለጥይትም ይሁን ለሌላ፣ የሁሉም ልጅ ይካፈለዋል።

ሁለተኛው እኛን ነው የሚመለከተው፤ ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣነውን። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝም መነገድም ክልክል ነው። ፖሊስ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ያዝኩ ብሎ መግለጫ ሲሰጥ እንዘግባለን። ዜናችን እንዴት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ፦ "ይህን ያህል ሽጉጥ ከበርካታ ጥይት ጋር ተያዘ።" በርካታ! "በርካታ" ቁጥር ነው እንዴ? ሽጉጡን አንድ በአንድ ቆጥረን ጥይቱ ጋ ስንደርስ ይደክመናል። ፎቶውም ያው ነው፤ ሽጉጦቹ በሰልፍ ተደርድረው፣ ጥይቶቹ ጥግ ላይ እንደ ሽምብራ ተቆልለው።

እዚያ የተከመረው "ሽምብራ" ግን ብዙ ጊዜ ማንበብ ይቻላል። ፋብሪካ የሠራው ጥይት ቀለሁ ግርጌ ላይ በአብዛኛው ፊደልና ቁጥር ይታተምበታል፤ የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዓመት እንደሠራው የሚናገር። የመሣሪያ ዝውውር የሚያጠኑ ሰዎች በየአገሩ ጦርነት ማግስት መሬት ላይ ጎንበስ ብለው የሚለቅሙት ይህንኑ ነው። ሽጉጥ ቁጥሩ ይፋቃል፤ የሺህ ቀለህ ግርጌ ቁጭ ብሎ የሚፍቅ ግን ማን አለ? የተሞላ ቀለህ ደግሞ ይህንን ምስክርነት ያበላሻል፤ ናሱ የአንድ ፋብሪካ፣ አረሩ የሌላ ሰው ማድቤት። ስለዚህ መቆጠር ያለበት ያልተተኮሰው ብቻ አይደለም፤ የተተኮሰውም ቀለህ ጭምር ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው መግለጫ ላይ ማይክ የምትይዙ ልጆች አደራ። ሽጉጡ ስንት ነው የሚለውን ፖሊስ ሳይጠየቅም ይናገረዋል። እናንተ እጃችሁን አውጡና እነዚህን ጠይቁልን፦ ጥይቱ በቁጥር ስንት ነው? ግርጌው ላይ ምን ይላል? ተኩስ ከነበረ፣ ቀለሁን ማን ሰበሰበው?