አሮጌውን ፒክ አፕ ስለ ማደስ፤ እሳቱ ከካርቡራተሩ ይቅደም

የእርሻ ሥራ በበሬና በሞፈር ብቻ ተጀምሮ በበሬና በሞፈር ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ዘሩና ማዳበሪያው ዝናቡ ሳይጥል ከገበሬው ደጅ ሊደርስ፥ የታጨደውም እህል ያለ ወራቱ ዝናብ ሳያገኘው ከአውድማ ሊነሣ ይገባል። ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው በብዙ ወረዳ አንድ አሮጌ ፒክ አፕ ነው። እርሱ በግንቦት ወር ዳገት ላይ ሲቆም ከሾፌሩ ይልቅ የሚጐዳው መሬቱን አርሶ የበቆሎ ዘር የሚጠብቀው ገበሬ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማኖር ከፊት ይልቅ የሚታሰብበት ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ የሞተር እድሳት ለመካኒክ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። የግዢውን ወረቀት የሚፈርም ሹም፥ ገንዘቡንም ከኪሱ የሚያወጣ ባለ እርሻ፥ ስለ ምን እንደሚከፍል ሊያውቅ ይገባዋል።

እስከ ዛሬ በየስፍራው የሚታየው ልማድ እንዲህ ነው። መኪናው ጕልበት ሲያጣ፥ ጥቍር ጢስ ሲያወጣ፥ ዳገት ላይም ሲያስለው፥ መካኒኩ «ካርቡራተሩ አልቆለታል፤ ሰፋ ያለ አዲስ ይገዛለት» ይላል። ይገዛል። አዲሱ ካርቡራተር ሲገባ ካንዴላዎቹም አብረው ስለሚጠረጉ፥ መኪናው ለጥቂት ሳምንት ደኅና ይሄድና ተመልሶ ያስላል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ ይጻፋል። የዚህም ምክንያቱ የቤንዚን በሽታና የእሳት በሽታ በምልክታቸው መመሳሰላቸው ነው። ብልጭታው ሲደክም ቤንዚኑ በሙሉ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለውም ካንዴላውን ያጠቍረዋል፤ የጠቈረው ካንዴላ ደግሞ ብልጭታውን ይብሱን ያደክመዋል። እንዲህ እየሆነ የእሳቱ ጥፋት ሁልጊዜ በካርቡራተሩ ይላከካል።

ለምሳሌ በኢትዮጵያ የገጠር መንገድ የታወቀውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ኤፍ ጄ 45 ፒክ አፕ መመልከት ይበቃል። ይህ መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1984 ድረስ ሲሠራ የቈየ ነው፤ ከዚህ በታችም የሚነገሩት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሩ በፊት 3,878 ሴንቲሜትር ኩብ፥ ከ1975 ጀምሮ 4,230 ሴንቲሜትር ኩብ ነበረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እሳት የሚያገኙት በፑንቲና ነው። ሥርዓቱ ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ ያወጣውና በ1910 በካዲላክ መኪና ላይ የገባው ነው፤ ጥበቡም ቀላል ነው። ሁለት ትንንሽ ብረቶች ገጥመው ሳሉ ከባትሪ የመጣው ኤሌክትሪክ በቦቢናው ውስጥ ያልፋል፤ ብረቶቹ ድንገት ሲለያዩ ቦቢናው ብርቱ እሳት ወደ ካንዴላው ይልካል።

ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እነዚያ ሁለት ብረቶች በደቂቃ 9,000 ጊዜ ይለያያሉ። እንዲህ የሚሠራ ነገር እንዴት አያልቅም? ፊታቸው እየተቃጠለ ይሻክራል። የሚገፋቸውም ትንሽ ማንሻ እየተፋቀ ስለሚያልቅ ክፍተታቸው ይጠባል፤ ክፍተቱ በጠበበ መጠን ብልጭታው ከጊዜው ይዘገያል። የዲስትሪቡቶሩ ዘንግ አርጅቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የተለያየ ይሆናል። ይህን የሚያቃና ካርቡራተር እስካሁን አልተሠራም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት በእሳቱ ላይ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመኪና ፋብሪካዎች ፑንቲናን በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ተክተዋል፤ ለአሮጌውም ዲስትሪቡቶር በፑንቲናው ቦታ የሚገባ፥ በማግኔት የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ። የሚፋቅ ነገር ስለሌለው ክፍተቱን በየጊዜው ማስተካከል አያሻም፤ የዘንጉንም ጥቂት መወዛወዝ ከፑንቲናው ይልቅ ይታገሣል።

የቀድሞ መካኒኮች ይህን የሚቃወሙበት ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ፑንቲና ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ እያስጠነቀቀ ነው፤ ሾፌሩም ከከተማ ርቆ ሳለ በሞረድና በካቻቢቴ አስተካክሎት ይሄዳል። ኤሌክትሮኒኩ ግን ድንገት ሊሞት ይችላል፤ ሲሞትም በመንገድ ላይ የሚታከም አይደለም። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቁልፉ ተከፍቶ ቢረሳ ሊቃጠል ይችላል፤ ከማይስማማው ቦቢና ጋር ቢታሰርም እንዲሁ። የባትሪው ገመድ ቢገለበጥበት ደግሞ ነገሩ ያበቃለታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን መፍትሔው አዲሱን መተው ሳይሆን፥ የወለቀውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ በጨርቅ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ማኖር ነው። ሾፌሩም መልሶ መግጠሙን በጋራዡ ደጅ አንድ ጊዜ ይለማመደው። በዚህ ሞተር ላይ የጊዜው ምልክት ግልጥ ነው፤ ከሞተሩ በስተኋላ ባለችው ትንሽ መስኮት ሲታይ፥ በሚዞረው ከባድ መንኰራኵር ላይ የተተከለች የብረት ኳስ አለች፤ እርስዋም 7 ዲግሪን ታመለክታለች።

የካርቡራተሩ ነገር የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜም ያን ጊዜ የሚነሣ ነገር ሳይገኝ ይቀራል። ጥፋቱ ካልተወገደ ግን አስቀድሞ አብሮት የመጣውን ካርቡራተር ፈትቶ ማጠብ፥ ጓርኒሲዮኑን መለወጥ፥ የቤንዚኑንም ከፍታ በልኩ ማድረግ ይገባል። ሰፊ ካርቡራተር ብዙ ጕልበት ይሰጣል የሚለው አሳብ ለሩጫ መኪና ካልሆነ በቀር ለሸክም መኪና አይሠራም። ሞተሩ የሚስበውን አየር የሚወስነው የራሱ ስፋት ነው፤ የ3,878ቱ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ቢበዛ 5,800 ሊትር ያህል አየር ይስባል እንጂ፥ የካርቡራተሩ ጕሮሮ ስለ ሰፋ በእጥፍ አይስብም። ጕሮሮው ከልክ በላይ ሲሰፋ አየሩ ቀስ ይላል፤ ቀስ ያለውም አየር ቤንዚኑን እንደ ጉም ሊበትነው ስለማይችል በጠብታ ይወርዳል። ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ለሚወጣ ጭነት ይህ ጕዳት እንጂ ጥቅም አይደለም።

ከስፋቱ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የስፍራው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ተራ ካርቡራተር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የቤንዚን ቀዳዳው ለጠረፍ አገር የተለካ ከሆነ በደጋ ከሚገባው በላይ ያፈሳል። ስለዚህ በደጋ ብቻ ለሚሠራ መኪና ቀዳዳውን በጥቂቱ ጠበብ ማድረግ፥ ብልጭታውንም በሁለትና በሦስት ዲግሪ ማስቀደም ይጠቅማል፤ ሞተሩ በጭነት ሲወጣ የሚንኳኳ ከሆነ ግን መልሶ መቀነስ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ተነሥቶ በዚያው ቀን 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና ለሁለቱም ስፍራ የሚሆን ልክ አያገኝም። እንዲህ ላለው በቆላው ልክ መተው ይሻላል፤ ቤንዚን ሲበዛ ኪስ ይጐዳል፥ ቤንዚን ሲያንስ ግን በሙቀት ቫልቭ ይቃጠላል።

አንድ ነገር አለ፤ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በዚህ ሞተር ካርቡራተሩ ከጭስ ማውጫው ብረት በላይ ስለ ተቀመጠ፥ ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ዝርግ ነገር በመካከል ገብቶለታል። ሌላ ዐይነት ካርቡራተር ሲገጠም እርሱ አልገጥም እያለ ብዙ ጊዜ ይጣላል። በከፍታ ቦታ ቤንዚን በቶሎ ስለሚፈላ፥ መኪናው ዳገት ወጥቶ ጥቂት እንደ ቆመ አልነሣም ይላል። ሾፌሩም ባትሪውን ይረግማል።

የግዢ ጥያቄ ሲቀርብ እንግዲህ ሹሙ ሁለት ነገር ይጠይቅ። የስድስቱ ሲሊንደሮች ግፊት ተለክቷልን? የቫልቮቹስ ክፍተት፥ ሞተሩ ሞቆ ሳለ፥ ለማስገቢያው 0.20 ለማስወጫው 0.35 ሚሊሜትር ሆኗልን? ከዚህም በኋላ ስድስቱ ካንዴላዎች ወልቀው በተራቸው በወረቀት ላይ ተደርድረው ከጥያቄው ጋር ይቅረቡለት። ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያሻም። ደኅናው ካንዴላ ቀለሙ ቡናማ ነው፤ የነጣው ቤንዚን ማነሱን ይናገራል። አምስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቈረ፥ ካርቡራተሩ ስድስቱንም የሚመግብ ስለ ሆነ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የዚያ ሲሊንደር ገመድ፥ ካንዴላ፥ ወይም ቀለበት ነው። ስድስቱም እኩል ጠቍረው ከተገኙ፥ ማቀጣጠያውም አስቀድሞ ታድሶ ከሆነ፥ ያን ጊዜ የካርቡራተሩ ወረቀት ይፈረም።